የወገራ ደጋና የደባርቅ በር
የአንድ ቀን ጕዞ፥ የብዙ ዘመን ታሪክ



በአውሮፓ አገሮች በኮረብታና በገደል ራስ ላይ የተሠሩ ብዙ ጥንታውያን ከተሞች ይገኛሉ። ኢጣልያ ውስጥ ኦርቪዬቶ፥ ፈረንሳይ ውስጥ ካርካሶን፥ እስፓኝ ውስጥ ቶሌዶ የሚባሉት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የዚያ አገር ሠራተኛ በዕረፍቱ ቀን ማልዶ ይነሣና በባቡር ተሳፍሮ ከነዚህ ወደ አንዱ ይወጣል። ቅጥሩን ይዞራል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያያል፤ የጥንት ሰዎች ለም የሆነውን ሜዳ ትተው ገደሉን ስለ ምን እንደ መረጡ ይጠይቃል፤ ሲመሽም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጕዞው የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ለብዙ ወራት ያልገባው ነገር በዚያች ቀን ይገባዋል።

በእኛ ዘንድ ግን «ጐብኚ» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ካሜራ ያነገተ የውጭ አገር ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ለሥራ ወደ ጎንደር የሚላከው ሹም ወይም ጸሓፊ ጊዜ ሲያገኝ የዐፄ ፋሲልን ግንብ አይቶ፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳልሞ፥ «ጎንደርን አየሁ» ብሎ ይመለሳል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ግንቡ ለብቻው የቆመ አይደለም። ከግንቡ በስተ ሰሜን የሚሄደውን መንገድ ተከትሎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው፥ ጎንደርን ለብዙ ዘመን የመገበውን ደጋና ጎንደርን ከባሕር ጋር ያገናኘውን በር ያያል። ዛሬ ጥቂት ቃል ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለዚሁ መንገድ፥ ይኸውም ስለ ወገራ፥ ስለ ዳባት፥ ስለ ደባርቅና ስለ ስሜን ተራሮች ግርጌ ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ከጎንደር በማለዳ የተነሣ መንገደኛ፥ ከከተማው እንደ ወጣ የሚያገኛት መንደር ወለቃ ናት። ስለ እርስዋ ኋላ እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይወጣል። ኮሶዬ ላይ ሲደርስ በስተ ግራው ምድር ከእግሩ ሥር ተቆርጣ ስትወርድ፥ ቆላውም በጭጋግ ውስጥ እስከ ዓይን ማለቂያ ሲዘረጋ ያያል። አምባ ጊዮርጊስን ካለፈ በኋላ ደጋው ወለል ብሎ ይከፈታል። ግራና ቀኙ የገብስ፥ የስንዴና የባቄላ ማሳ ነው፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ገበሬውም ጋቢውን ደርቦ ከብቱን ይነዳል። እንዲህ እያለ ዳባት ይደርሳል፤ ከዳባትም ጥቂት ተጕዞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከተቀመጠችው ከደባርቅ ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ያየው ሜዳ ነው። «የኮረብታ ከተማ የት አለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱን የሚያገኘው ከደባርቅ ወጥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሲሄድ ነው። እዚያ ሜዳው ሳይታሰብ ያልቃል። ከፊቱ ሊማሊሞ የሚባለው ገደል ይቆማል፤ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ አምቦች እየተደረደሩ እስከ ተከዜ ሸለቆ ድረስ ይታያሉ። ያን ጊዜ መንገደኛው የቆመበት ሜዳ ሁሉ አንድ ትልቅ አምባ መሆኑን ያስተውላል። ወገራ ማለት ራሱ በሰማይ ሥር የተዘረጋ ሰፊ ሰገነት ነው፤ ደባርቅም የዚህ ሰገነት ደጃፍ ናት።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ የዚህን አገር ታሪክ ለመረዳት ይህን አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። ከቀይ ባሕር ጠረፍ፥ ከምጽዋ ተነሥቶ በትግራይ በኩል ወደ ጎንደር የሚመጣ ነጋዴ፥ ጳጳስ፥ መልእክተኛ ወይም ወታደር ተከዜን ከተሻገረ በኋላ ይህን ገደል መውጣት ነበረበት። በሊማሊሞ አፋፍ ላይ የተቀመጠ ሰው በመንገዱ ላይ አዛዥ ነው። ያለ እርሱ ፈቃድ ጨው አይወጣም፤ የዝሆን ጥርስ አይወርድም፤ ጠብመንጃም አያልፍም። በዚህም ምክንያት ትላልቅ ነገሮች ሁሉ በዚህ ደጃፍ አጠገብ ሲፈጸሙ እናገኛለን። ነገሩ የዕድል ሳይሆን የመሬቱ አቀማመጥ ያመጣው ነው።

የስሜን ስም በጽሑፍ መገኘት የጀመረው እጅግ በቀደመው ዘመን ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ ሳለ፥ በዚያ ቆሞ ከነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ በጽርእ ቋንቋ የተቀረጸ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ጽሑፉ ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያደረገውን ዘመቻ ይተርካል። ንጉሡ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ከታላቁ ወንዝ ማዶ በተራራ ላይ የሚኖሩ የስሜን ሰዎች ይገኙበታል፤ አገራቸውም ለመውጣት አስቸጋሪ፥ ውርጭና በረዶ የሞላበት፥ በረዶውም የሰውን ጕልበት የሚያሰጥም መሆኑ ተነግሯል። ድንጋዩ ራሱ ጠፍቷል፤ ነገር ግን ነጋዴው በመገልበጡ ምክንያት የተራራው ዝና እስከ ዛሬ ደረሰልን። እንግዲህ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ለታሪክ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ስሜንና ወገራ ጎልተው የሚነሡት ከቤተ እስራኤል ሕዝብ ታሪክ ጋር ነው። ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ወገራ ዘምተው የቤተ እስራኤልን ጦር ኮሶጌ ላይ ድል እንዳደረጉ፥ ለድሉም መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል። ኮሶጌ ማለት መንገደኛው ጧት ቆሞ ቆላውን የተመለከተበት የኮሶዬ አካባቢ ነው። ድል የሆነው ወገን ከሜዳው እየለቀቀ ወደ ስሜን አምቦች ወጣ። በ16ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ዐፄ ሠርፀ ድንግል እዚያው ድረስ ተከትለው በብርቱ ጦርነት አምቦቹን ያዙ፤ ዜና መዋዕላቸውም ከመማረክ ይልቅ ራሳቸውን ወደ ገደል የወረወሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ጦርነቱ እስከ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ቀጥሎ የቤተ እስራኤል የራስ አስተዳደር በዚያ አበቃ።

ይህን የምናስታውሰው ጠብን ለማደስ አይደለም። አምባ ማለት ምን እንደ ነበረ ለመረዳት ነው። ለድል አድራጊው አምባ የዓመፅ ጎሬ ነው፤ ለተሸናፊው ግን የመጨረሻው መጠጊያ ነው። ሁለቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከአምባቸው የወረዱት ሰዎች ልጆች በጎንደር ዙሪያ አንጥረኛ፥ ግንበኛ፥ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ሆነው ኖሩ፤ ከነገሥታቱ ግንቦች ሥራ ውስጥም እጃቸው አለበት። ወለቃ ከነዚህ መንደሮች አንዷ ነበረች። በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። እንግዲህ መንገደኛው በወለቃ ሲያልፍ የሚያየው የሸክላ ሥራ የአንድ ረጅም ታሪክ ቅሬታ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ጎንደር በ17ኛው መቶ ዓመት የነገሥታት መናገሻ ከሆነች በኋላ የሊማሊሞ መንገድ የአገሪቱ ዋና ደም ሥር ሆነ። በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ ይህን ገደል ወጥቷል፤ የወገራንም ምድር የእህል ጎተራ አድርጎ ገልጾታል። ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የጀርመን አገር ሊቅ ወደ ስሜን ወጥቶ አራዊቱንና አዕዋፉን መረመረ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸውን ዋልያንና ጭላዳን በ1835 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሳይንስ ስም መዝግቦ ያስታወቀው እርሱ ነው። የአገሩ ሰው ዋልያንና ጭላዳን ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸው ነበር፤ ሆኖም የመዘገባቸው እርሱ በመሆኑ በሳይንስ መጻሕፍት የሚጠራው የእርሱ ስም ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዘመነ መሳፍንት የዚህ ደጃፍ ጌታ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። አባታቸው ራስ ኃይለ ማርያም ገብሬ የስሜን ገዥ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ስሜንን ያዙ፤ በ1823 ዓ.ም. የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በጦርነት ሲወድቁ ትግራይንም ደረቡ። በዚህ ጊዜ ከወገራ ሰገነት እስከ ባሕሩ መንገድ ድረስ ያለው አገር ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ገባ። ይህ ማለት በዚያ ዘመን ትልቅ ኃይል ነው። ከምጽዋ በኩል የሚመጣው ጠብመንጃ በእሳቸው አገር ያልፋል፤ የውጭ አገር መልእክተኛና የእጅ ጥበብ ዐዋቂም መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነው።

ደጃዝማች ውቤ በጦር ብቻ የሚያስቡ ሰው አልነበሩም። ንግሥና የሚጸናው በጳጳስ ቅብዓት መሆኑን ዐውቀው ወደ ግብፅ መልእክተኞችና ገንዘብ ልከው በ1834 ዓ.ም. አቡነ ሰላማን አስመጡ። በዚያው ዓመት ከአቡኑ ጋር ወደ ደብረ ታቦር ዘምተው ከራስ ዓሊ ጋር ተዋጉ። ጦርነቱንም አሸነፉ፤ ራስ ዓሊ ሸሹ። ነገር ግን የድሉ ግብር ገና ሳያበቃ የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው አሸናፊውን ማረኳቸው። የጧት ድል አድራጊ የማታ እስረኛ ሆኑ። በኋላ ተፈትተው ወደ ግዛታቸው ቢመለሱም፥ ያ ቀን ያመለጣቸው ዙፋን ግን ከልባቸው አልወጣም።

ለዚህም ምስክሩ ደራስጌ ማርያም ናት። ደራስጌ የምትገኘው በስሜን ተራሮች ውስጥ በጃናሞራ ምድር ነው። ደጃዝማች ውቤ ይህችን ቤተ ክርስቲያን በታላቅ ድካም አሠርተው በሥዕልና በንዋየ ቅድሳት አስጌጧት። በሥራውም ኤድዋርድ ዛንደር የተባለው ጀርመናዊ ሠዓሊ ስሙ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተሠራችው ለራሳቸው ንግሥ እንደ ነበረ በአገሩ ይነገራል። ገደል ከዙሪያ አለ፤ ጠብመንጃ በመጋዘን አለ፤ ጳጳስም ከግብፅ መጥቷል። የቀረ ነገር አለ ብሎ ማን ያስብ ነበር?

የቀረው ነገር ከቋራ በኩል መጣ። ካሣ ኃይሉ የተባሉት የቋራ ሰው በ1845 ዓ.ም. ጕር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። ከመሳፍንቱ መካከል ብርቱ ሆነው የቀሩት ደጃዝማች ውቤ ብቻ ነበሩ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ካሣ ወገራን ዐልፈው ወደ ስሜን ወጡና ደራስጌ ላይ ጦርነት ሆነ። ደጃዝማች ውቤ በራሳቸው አገር፥ በራሳቸው ተራራ ላይ ተሸንፈው ተያዙ። በጥቂት ቀኖች ውስጥም በዚያችው በደራስጌ ማርያም፥ በዚያው ደጃዝማች ውቤ ባስመጧቸው በአቡነ ሰላማ እጅ፥ ካሣ ኃይሉ ተቀብተው «ዳግማዊ ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተባሉ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር እስቲ ቆም ብለህ አስበው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፤ ሌላው ነገሠበት። አንዱ ጳጳስ አስመጣ፤ ሌላው ተቀባበት። እንዲህ ያለው ነገር በታሪክ ውስጥ የሚያስደንቅ ብቻ ሳይሆን የሚያስተምርም ነው። ደጃዝማች ውቤ ተራራና ንብረት ነበራቸው፤ የፈለጉት ግን ከመሳፍንቱ አንዱ ሆነው ከሌሎቹ በላይ መሆን ነበር። ካሣ ግን የመሳፍንቱን ሥርዓት ራሱን ሊያጠፉ መጡ። ተራራ ሰውን ከጠላት ይጋርደዋል፤ ከተለወጠ ዘመን ግን ሊጋርደው አይችልም። ዘመነ መሳፍንት የተባለው ከ80 ዓመት በላይ የቆየ ዘመን የተዘጋው በጎንደር ግንብ ውስጥ ሳይሆን በዚህ በስሜን ብርድ ውስጥ ነው።

የሁለቱ ሰዎች ነገር ግን በጦርነቱ አላበቃም። ዐፄ ቴዎድሮስ የደጃዝማች ውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ከእርስዋም ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። አያትየው በልጃቸው ባል እጅ እስረኛ ሆነው ሞቱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞች ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ፤ ሕፃኑ ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ18 ዓመቱ በዚያው ሞተ፤ ዊንድዞር በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። የቋራና የስሜን ደም የተገናኘበት ያ ልጅ የአባቱንም የእናቱንም አገር ዳግመኛ አላየም። ከዚያው ከራስ ኃይለ ማርያም ቤት ግን ሌላ ዘር ቀርቶ ነበር። የደጃዝማች ውቤ ወንድም የብጡል ልጅ ጣይቱ፥ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ደፍተው እቴጌ ተባሉ፤ በዐድዋም ዘመቻ ስማቸው ተጠራ። አያታቸው የገዙበት፥ አጎታቸውም ዙፋን የተመኙበት ቤት በእርሳቸው በኩል ወደ ዙፋን ደረሰ።

ታሪክ ስንጽፍ የሚያስመካውን ብቻ መርጠን ብንጽፍ ልጆቻችንን እናታልላለን። ደባርቅ የኀዘን ስምም አላት። በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውዴን በጎንደር አጠገብ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመድ በዓመፀኛው በጋረድ ወገኖች እጅ ቈስሎ ሞተ። በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ጋረድን ሊወጉ ሲዘምቱ፥ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው ወዳጃቸው ጆን ቤል ከፊታቸው ቆሞ ሲከላከል ተገደለ፤ ጋረድም በዚያው ወደቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሁለቱ ወዳጆቻቸው ሞት እጅግ ተቈጥተው የተማረኩትን ብዙ ሰዎች ደባርቅ ላይ አስገደሉ። አገርን አንድ ለማድረግ የተነሣው ያው ክንድ፥ ቍጣ በያዘው ጊዜ በገዛ ሕዝቡ ላይ ወደቀ። በደራስጌ የተጀመረው ተስፋ በስንት ዓመት ምን መልክ እንደ ያዘ ለማወቅ የሚወድ ሰው ሁለቱን ስፍራዎች አብሮ ማሰብ አለበት፤ በመካከላቸው ያለው ዘመን ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ዳባት ደግሞ በኋለኛው ዘመን የደጃዝማች አያሌው ብሩ መቀመጫ በመሆን ትታወቃለች። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ የስሜንና የወገራ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ በታኅሣሥ ወር ደምበጕና ላይ ተዋጋ። በዚያ ቀን ወታደሮቻችን ብዙ መሣሪያ ሳይዙ በጠላት ታንኮች ላይ ወጥተው ማረኳቸው። ሆኖም የመርዝ ጋዝና የአውሮፕላን ቦምብ የጦርነቱን ፊት ለወጠው፤ ጎንደርም በመጋቢት ወር ተያዘች።

ጠላት ጎንደርን ከያዘ በኋላ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ምን ነበር? እንደ ጥንቱ ሁሉ ደጃፉን መያዝ ነው። ለእግርና ለበቅሎ ብቻ ይመች በነበረው በሊማሊሞ ገደል ላይ የመኪና መንገድ ቀደደ። በመንገዱ ሥራ የአገሩ ሰው ጕልበት እንደ ፈሰሰ አንርሳ። በአፋፉም ላይ ወልከፊት በተባለው ስፍራ ብርቱ ምሽግ ሠራ። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ወጥታ ሳለ እንኳ በወልከፊት የነበረው በኮሎኔል ጎኔላ የሚመራው የኢጣልያ ጦር እጁን አልሰጠም ነበር። የአካባቢው አርበኞች ከእንግሊዝ መኰንኖች ጋር ሆነው ክረምቱን ሙሉ በዝናብና በብርድ ከበቡት። ስንቅ ያለቀበት ምሽግ በመስከረም ወር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ የተማረከውም ወታደር ሦስት ሺህ ያህል ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፥ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ ጎንደር ነፃ ወጣች። በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻው ትልቅ የኢጣልያ ምሽግ እርስዋ ነበረች። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ እንደ ታየው፥ የደባርቅ በር ሲከፈት የጎንደር ዕጣ ተቈረጠ።

ከነፃነት በኋላ ይህ ደጋ በሌላ ሥራ ስሙን አወጣ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የገጠር ጤና ሠራተኞችን ሲያሠለጥን ዳባት ከልምምድ ስፍራዎቹ አንዷ ሆነች። የስሜን ተራሮችም በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ ደባርቅም የፓርኩ መግቢያ ሆነች። በ1978 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች መካከል ስሜን ትገኛለች። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራስ ደጀን፥ በሌላ አገር የማይገኘው ዋልያ፥ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የዓለም ሀብት ተባሉ።

ይህም ክብር ያለ ዋጋ አልመጣም። የዋልያ ቍጥር በመመንመኑና መሬቱ በእርሻና በግጦሽ በመጨናነቁ ስሜን በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ተመዘገበች፤ ከዚያ መዝገብ የወጣችውም በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል፥ በ2008 ዓ.ም. ገደማ፥ በፓርኩ ውስጥ በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ በመቶ የሚቈጠሩ አባወራዎች ከአያት ቅድመ አያታቸው ምድር ተነሥተው በደባርቅ ሠፈሩ። ስለ ቅርስ ጥበቃ ሪፖርት የሚጽፍ ሠራተኛ «ተነሡ» የሚለውን አንድ ቃል ሲጽፍ፥ ከቃሉ በስተ ኋላ የተዘጋ ቤትና የቀረ ማሳ መኖሩን ማሰብ ይገባዋል። ዋልያው መዳን አለበት፤ የተነሣው ገበሬም መረሳት የለበትም።

የበሩ ነገር ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ ነው ለማለትም አይቻልም። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት እስከ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደርሶ፥ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። የካራቫኑ መንገድ፥ የዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ፥ የወልከፊትም መንገድ አንድ መንገድ ነው። አሁንም በዚያው ላይ ሕዝብ አለቀሰ። ስለዚህ የወገራ ታሪክ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። በሩ ለንግድና ለትምህርት ሲከፈት ሁለቱም ወገን ይበለጽጋል፤ ለጦር ሲከፈት ግን መጀመሪያ የሚረገጠው በደጃፉ ላይ ያለው ገበሬ ነው።

እንግዲህ ለአንድ ቀን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ምን ይመልከት? በኮሶዬ ወርዶ ገደሉን ይይ፤ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት መካከል የገብሱን ማሳ እያየ ጎንደር በምን ትኖር እንደ ነበረ ያስብ፤ ደባርቅ ሲደርስ ምሳውን በልቶ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ይሂድና ከዚያ ቆሞ ወደ ተከዜ ይመልከት። ከደጃዝማች ውቤ፥ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከኮሎኔሉ ምሽግ ጋር የተያያዘውን ሁሉ በአንድ ዓይን እይታ ይረዳዋል። ሲመሽ ወደ ጎንደር ለመመለስ ጊዜ ይበቃዋል። ደራስጌን ለማየት ግን አንድ ቀን አይበቃም፤ ከደባርቅ ወደ ተራራው መግባትና ማደር ያስፈልጋል። ቢሆንም የድካም ዋጋዋን የምትከፍል ስፍራ ናት።

ከሁሉ ይልቅ አደራ የምለው ይህ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ በየዕለቱ ከገጠር ለጕዳይ የሚመጡ ሽማግሌዎችን ታያላችሁ። ማመልከቻቸውን ተቀብላችሁ ከፈጸማችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩላቸው፤ «አባቴ፥ የአገርዎ አምባ ስሙ ማን ይባላል? እዚያስ ምን ሆነ?» በሉ። የሰሙትን ቀኑንና የተናጋሪውን መንደር ጨምራችሁ በወረቀት ጻፉ። የአዱሊስ ድንጋይ ጠፍቶ ቃሉ የቀረልን አንድ ነጋዴ ብዕሩን ስላነሣ ነው። ዋልያ በሌላ አገር ሰው የተመዘገበው እኛ ሳንመዘግበው በመቅረታችን ነው። ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላ ስለ ወገራና ስለ ስሜን የሚጽፍ ሰው፥ ከእናንተ አንዱ በመዝገብ ቤት ያኖረውን ወረቀት አግኝቶ «ይህን የጻፈ ሰው ይመስገን» ቢል፥ ያ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ በላይ አገልግሏል።